ጭሱ ሲቆም

አያ መንግስቴ በዳባት ከተማ እንደ ባንቻየሁ ወፍጮ የጠሉት ነገር አልነበረም። እባብ እንኳ ካልነኩት አይነካም ይሉ ነበር፤ የዚህች ሴትዮ ሞተር ግን ማንም ሳይደርስበት ተነስቶ ሰው ቤት ይገባል። ደግሞም እውነታቸውን ነው። አያ መንግስቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እንጀራቸው ነጭ ጨርቅ ላይ ነው። የሙሽራ ቀሚስ፣ የክርስትና ልብስ፣ የካህናት ቀሚስ ሰፍተው፣ አሳጥበው፣ በረንዳቸው ላይ በወጠሩት ገመድ ሲያሰጡ ጠብቆ ያ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ይነሳና ጥቁር ጭሱን ይተፋል። ነፋሱ ከደባርቅ በኩል ስለሚመጣ፣ ተሳስቶ እንኳ ጭሱን ለሌላ ጎረቤት አያካፍለውም። ጥላሸቱ ነጩ ላይ ያርፋል፤ ሲያራግፉት ይቀባል፣ ሲያጥቡት ይሰፋል።

በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ደግሞ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ሁሉ ልማድ፣ ጣሳ ተደፍቶበታል። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ጣሳው ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ እያለ ይጮኻል፤ ያን ድምፅ የሰማ ገበሬ ወፍጮ መነሳቱን አውቆ እህሉን በአህያው ይጭናል። ለባንቻየሁ የእንጀራዋ ጥሪ ነው። ለአያ መንግስቴ ግን ያ ጣሳ በስማቸው እየጠራ የሚሰድባቸው ይመስላቸው ነበር። መርፌያቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በየማለዳው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሄደው ይጮኻሉ። ባንቻየሁም ከውስጥ ትጮኻለች። በሞተሩ ድምፅ የተነሳ አንዱ የሌላውን ስድብ ስለማይሰማ ነው፣ ይላል የሰፈሩ ሰው፣ ሁለቱ ይህን ያህል ጊዜ ተጣልተው ደም ያልተቃቡት።

ወፍጮው የባሏ ውርስ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሞተሩን ነገር የሚያውቀው አንድ ልጇ ያየህ ነበር፤ ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ ይገጥመዋል። እሱ የነካው ሰሞን ጭሱ ሳሳ ይላል፤ ሰንብቶ ግን ያው ይጠቁራል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ለአንዲት ሙሽራ የተሰፋ ቀሚስ ጥላሸት ለብሶ አደረና አያ መንግስቴ ነገሩን ለሰፈር ሽማግሌዎች አቀረቡ። ሽማግሌዎቹም ባንቻየሁ እስከ ገና ድረስ ወይ ጭሱን እንድታስተካክል ወይ ወፍጮዋን ከሰፈር እንድታወጣ ፈረዱ። ያየህ ቆሞ ሰማ። ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝሉም ፓምፑም አልቋል፣ ጥገና አይመልሰውም፣ አዲስ መግዛት ነው አለ። ለመግዣውም ሁመራ ወርዶ የሰሊጥ አጨዳው እስኪያልቅ ትራክተር ሊጠግን ወሰነ።

ሊሄድ ሲል አያ መንግስቴ በረንዳ ላይ ወጥቶ ተሰናበታቸው። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። "ስመለስ ሞተሩ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ እርስዎም ለሠርጌ ሱሪ ይሰፉልኛል" አላቸው። አያ መንግስቴም እየተነጫነጩ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ወገቡንና ቁመቱን ለኩት። ቀጭን ነበር። ሁመራ ሄዶ ደግሞ እንዳይከሳ ብለው ትንሽ አስፍተው መዘገቡለት።

ይህ የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ህዳር ሚካኤል ሊገባ ሲል ሸጋው የሚባል አብሮት የወረደ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ ከመኪና ወረደ። ወደ እናቱ ቤት እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄዶ ነገራቸው። ያየህን ወባ ይዞት፣ ሰው ሐኪም ቤት ሲያደርሰው አልቆ ነበር። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል።

ወሬውን ያወቀ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። በሚካኤል ዋዜማ መርዶ አይነገርም፤ በዚያ ላይ የዚያ ዓመት ዝክር ተራው የባንቻየሁ ነበር። ተራዋ ባይሆንም ታደርገው ነበር፤ ልጇን በሰላም እንዲመልስላት ለመልአኩ ተስላለች። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ሄዶ ከባንቻየሁ ቤት ተቀመጠ፤ አያ መንግስቴም ጭምር። ጠላው ተቀዳ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ባንቻየሁ ለእሳቸው ሲደርስ የዳቦውን መሃል መርጣ ሰጠቻቸው። አያ መንግስቴ ጎረሱት፤ አልወርድ አላቸው። አላመጡት፣ መለሱት፣ በጠላ ሊገፉት ሞከሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ቀና ሲሉ ባንቻየሁ ታያቸው ነበር። ያን ቀን ህዳር ሲታጠን ነውና በየደጁ ቆሻሻው ተሰብስቦ ይጨሳል፤ እሷም ቆሻሻዋን ከምራ እሳት ለኮሰችና በሽታን ከልጄ አርቅልኝ፣ ቆላ ያለ ልጅ ነው አለች። አጠገቧ የቆሙት ሁሉ አሜን አሉ። አሜን ባይሉ ምን ሊሉ።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ሰዎቹ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ግቢ ተሰበሰቡ። ከወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ማዶ ነው። እንግዲህ መርዶ ወግ አለው፤ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ አልቃሽ ተከትሎ ነው የሚነገረው። የባንቻየሁ እህትም ከደባርቅ መጥታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ተቀምጣለች። ሁሉም ተሰናድቶ ሊነሳ ሲል ከማዶ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ አለ።

ባንቻየሁ ቀድማቸው ተነስታለች። የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ የከተማው ባቄላና አተር ለሽሮ ወፍጮ ቤቷ ተከምሯል። በዓሉ ሥራ ስላስፈታት ያደረውን እህል ገና በጨለማ ይዛዋለች ማለት ነው። ጭሱ በሚነጋው ሰማይ ላይ ጥቁር ሆኖ ከጣራው በላይ ሲወጣ ሁሉም አዩት።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ተመልሰው ተቀመጡ። በዚህች ሰዓት የቄስ ጥምጣም ደጇ ላይ ካየች ሳይነግሯት ይገባታል፣ እሷ ደግሞ ያለችው ወፍጮውን በሚያሽከረክረው ቀበቶ፣ በቺንጋው አጠገብ ነው አሉ። ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። ቺንጋ ነጠላዋን ስቦ የወሰዳት የአንዲት ሴት ታሪክ በየወፍጮ ቤቱ ይወራል። እሷን የማያስደነግጥ፣ መምጣቱ ምንም የማይመስላት ሰው ቀድሞ ይግባ ተባለ። ማን?  ቀስ በቀስ ዓይን ሁሉ አያ መንግስቴ ላይ አረፈ።

"እኔ?" አሉ አያ መንግስቴ።

"እርስዎ በየማለዳው ይሄዱ የለም ወይ? እንደ ወትሮው ለጠብ የመጡ ነው የሚመስላት" አሏቸው ቄስ ወልደ ሩፋኤል። "ወደ ደጅ ይጥሯትና መደቡ ላይ ያስቀምጧት። ቀስ ብለው ያዘጋጇት። ከዚያ ሞተሩን አጥፊው ይበሏትና ይንገሯት። እኛ ከዚህ ሆነን ጭሱን እናያለን። ጭሱ ሲቆም ነገሯት ብለን እንመጣለን፤ ብቻዋን አትሆንም።"

ሌላ ሰው ፈልጉ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የሰዎቹን ፊት አዩና ዘጉት። ሚስታቸው የትናየት ተነስታ፣ ለሐዘን ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ ከትከሻቸው ገፍፋ እንደ ወትሮው አድርጋ አለበሰቻቸው። ባንቻየሁ በጥለቱ እንዳትነቃ ነው። 

መንገዱ አጭር ነው። አያ መንግስቴ ስንት ማለዳ በቁጣ ሲበሩበት የኖሩበት መንገድ ነው፤ ዛሬ ግን ቀስ እያሉ ሄዱበት። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ምን እንደሚሉ ያጠናሉ። ሰው ሆኖ የማይሞት የለም ብለው ይጀምሩ? ይህን ያሉ እንደሆነ ገና ሳይጨርሱ ትጮኻለች። ልጅሽ ታሟል ብለው ይጀምሩ? ያ ደግሞ ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ ነው። ግን የፈሩት እንዲህ ያለውን ብቻ አልነበረም። የሚያስፈራቸው ከለቅሶው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ልጄን ሁመራ ማን ላከው የምትል እንደሆነስ? ሽማግሌ የሰበሰበው ማን ነው? ለአንድ ቀሚስ ብሎ? ልብስ እኮ ይታጠባል። ባይታጠብ ሌላ ይሰፋል። ይህን ዛሬ ማሰባቸው ራሳቸውን አናደዳቸው፤ ሚያዝያ ላይ የት ነበርክ አሉ ለራሳቸው።

ጭሱ ከፊታቸው ይወጣል። እስካለ ድረስ ጊዜ አለኝ አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጭስ እየተመለከቱ አትቁም ብለው ለመኑት።

ከደጃፉ ሲደርሱ ባንቻየሁ ከሞተሩ ጎን ቆማ ነበር። ዱቄቱ ፀጉሯንም ቅንድቧንም አንጥቶት የሰባ ዓመት አሮጊት አስመስሏታል። ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ታጥቃ ቁና እህል ታነሳለች። ቀና አለችና አየቻቸው። አያ መንግስቴ ወደ ደጅ ነይ ሊሉ እጃቸውን አነሱ። እሷ ግን የተነሳውን እጅ ስታይ፣ ገባኝ በሚል ዓይነት ጎንበስ ብላ የናፍጣውን መዝጊያ ዘጋችው።

አያ መንግስቴ "ተይ!" ብለው ነበር፤ አልተሰማም። ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ ተንገራገጨ። ቺንጋው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ቆመ። ጣሳው አንዴ ቱክ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የተፈጠረው ፀጥታ እንዴት ያለ ፀጥታ ነበር።

"ይግቡ አያ መንግስቴ፣ ዛሬስ አንጣላም" አለች ባንቻየሁ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "ትናንት ዝክሬን ሲቀምሱ ዳቦው ጉሮሮዎን ሲተናነቀው አይቻለሁ። የኔ ነገር ነው ያነቃቸው፣ ቂም ይዘው እየበሉ ነው ብዬ ሌሊቱን ሳፍር አደርኩ። ለሚካኤልም ቃል ገባሁለት። እርስዎ ነጭ ባሰጡበት ቀን ይህን ሞተር አላስነሳም፤ ያየህ ኖዝሉን ይዞ እስኪመጣ ነው እንግዲህ። እሱም ሲሄድ አያ መንግስቴን እንዳታስቀይሚብኝ ብሎኛል።"

ይህን ሁሉ ስትናገር አያ መንግስቴ የሚያዩት የእሷን ፊት አልነበረም። በደጃፉ አሻግረው ሰማዩን ያያሉ። የመጨረሻው ጭስ ከጣራው ለቆ፣ ክብ ሆኖ፣ ወደ እሳቸው በረንዳ ሄደና ሳሳ። ከዚያ ጠፋ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል አሁን ተነስተዋል። የትናየት ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። እህትየዋ ወትፋ የያዘችውን ልቅሶ ልትለቀው ነው። እኔ ግን፣ አሉ በልባቸው፣ አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈስኩም።

ተናገር አሉ ለራሳቸው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንዲሉ፣ ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸው። ባንቻየሁ መደቡ ላይ ያለውን ዱቄት በእጇ ጠርጋ ይቀመጡ አለቻቸው። ከማዶ ውሻ ጮኸ፤ ብዙ እግር በአንድነት ሲያልፍ የሚጮኸውን ጩኸት ነው። አያ መንግስቴ ያን ሲሰሙ ብድግ አሉ፤ ያልተቀመጠ ሰው ደግሞ እንዴት ብድግ እንደሚል እንጃ፣ ብቻ ሁለንተናቸው ተነሳ።

"አስነሺው" አሏት።

"ምኑን?"

"ሞተሩን። ቶሎ በይ። ጭሱ ይውጣ።"

ባንቻየሁ ሳቀች። የሚቀልዱ መሰላት፤ ዕርቁን በቀልድ ሊያደምቁት የፈለጉ መሰላት። እንኳን እርስዎ ብለውኝ አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች። አያ መንግስቴ ግን አልፈዋት ገብተው፣ ማኖቬላ የሚሉትን የማስነሻ ብረት ከግድግዳው አነሱ። በየት በኩል እንደሚገባ አያውቁም፤ ያየህ ሲያደርገው በረንዳቸው ላይ ሆነው በጥላቻ ሲመለከቱ ያዩት ብቻ ነው። ሲያሽከረክሩት ሾለከ፤ ደግመው ሰኩት። መነጽራቸው ወደቀ። እንደ ምንም ተንጠራርተው በሁለት እጃቸው አዞሩት፣ አዞሩት። ጭሱ እንደገና ቢወጣ ሰዎቹ ይቆማሉ፣ ቢቆሙ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ አገኛለሁ፣ በዚያች ትንፋሽ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብለው ነው። ናፍጣው መዘጋቱን የሚያስብ ልብ ከወዴት ይምጣ።

በቧንቧው ውስጥ የቀረችው ናፍጣ ተቀጣጠለችና ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ከላላው መጋጠሚያ ያመለጠው ጥቁር ጭስ ፊታቸውንና ነጠላቸውን መታው። ጣሳው ከላይ ቱክ አለ። ከዚያ ሞተሩ ሞተ።

ሳቋ እዚያው አፏ ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሄደ። ባንቻየሁ ሽማግሌውን አየቻቸው። ነጠላቸው ጠቁሯል፣ ላባቸው ይንቆረቆራል፣ ብረቱን ግን አልለቀቁም።

"አያ መንግስቴ፣ እርስዎ ይህን ጭስ አይወዱም" አለች በዝግታ።

እሳቸው ብረቱን እንደገና ሊሰኩ ጎነበሱ።

"ስንት ዓመት አጥፊው ሲሉኝ ኖረው…" ብላ ወደ ደጃፉ ዞረች። የእግር ድምፅ አሁን እሷም ጋ ደርሷል። ማን እንደሆነ ወጥታ ለማየት አልተራመደችም። ወደ እሳቸው ተመለሰች። "ልጄ ነው?"

አያ መንግስቴ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም አላሉም። እግዜር የሰጠውን ነሳ አላሉም። "ያየህ የለም፣ ልጄ" አሏት። "ወባ ነው። ሁመራ ቀረ።"

ጩኸቷን ጠበቁ። ትወድቃለች ብለው ሊይዟት ማኖቬላውን ሊጥሉ አሰቡ። አልወደቀችም። ልጄን ማን ላከው ትለኛለች ብለው ደግሞ ጠበቁ፤ መልሱ ጉሮሯቸው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ሊሏት። ያንንም አላለችም። ዱቄት በነጣው ቅንድቧ ሥር ዓይኗ ተገልጦ ለረጅም ጊዜ አፋቸውን፣ አፋቸውን ብቻ አየች።

"ትናንት" አለች። "ዳቦው ያነቀዎት ለዚህ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ስጸልይ አሜን ያላችሁት… ሁላችሁም?"

አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ከመታጠፊያው ላይ የእህትየዋ ለቅሶ ፈነዳ፤ የሌላውም ተከተለው። ባንቻየሁ መቀነቷን ፈታ ጣለችው። ከዚያም ቺንጋውን አልፋ፣ የሰው ባቄላና አተር የተከመረበትን አልፋ፣ ከነዱቄቷ ወደ ደጅ ወጣች። የእሷ ጩኸት የተሰማው ከደጅ ነው።

አያ መንግስቴ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ያን ጥላሸት በሕይወታቸው ሙሉ ገና ሳያርፍባቸው ሲያራግፉት የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ነጠላቸው ከትከሻ እስከ ጫፉ ጠቁሯል። እንደዚያው ለብሰውት፣ እንደገና እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቀውት፣ ተከትለዋት ወጡ።